ሦስት ከታች፣ አንድ ከላይ፦ የተደራረበ ነገር ዓይናችንን ለምን ይይዛል?

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ሲወጣ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ቅያስ ጥግ ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት አሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማዳበሪያቸውን ያነጥፋሉ፣ ቲማቲሙን አንድ በአንድ በጨርቅ ይወለውላሉ፣ ከዚያ መደብ መሥራት ይጀምራሉ። ሦስቱን ጎን ለጎን ያጠጋጋሉ። ሦስቱ የተገናኙበት መሃል ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ይፈጠራል፤ አራተኛዋን እዚያ ላይ ያሳርፏታል። የላይኛዋ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀይዋና ምንም ያልነካት ናት። ካስቀመጧት በኋላ በሁለት ጣት ትንሽ ያዞሯታል፣ ያማረው ጎኗ ወደ መንገደኛው እንዲሆን። ከዚያ ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋሉ።

ሥራዬ ዕቃ ፎቶ ማንሳት ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ላሉ የባህል ዕቃ ሱቆች ሲኒ፣ ጀበና፣ ሙዳይ፣ አገልግል አነሳለሁ። አንድ ሲኒ ብቻውን አንስቼ ሳሳይ ባለ ሱቁ «ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ያንኑ ሲኒ ስምንት ደርቤ ሳነሳው ግን ስልኬን ተቀብሎ ለጎረቤቱ ይወስድለታል። ዕቃው ያው ነው፣ ብርሃኑም ያው ነው። የተለወጠው አንዱ በአንዱ ላይ መቀመጡ ብቻ ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን ለዓመታት ሳወጣ ሳወርድ ቆይቻለሁ፤ የደረስኩበትን በቀላሉ ላስረዳ።

መልሱን ላስቀድም። የተደራረበ ነገር የተሠራበትን ቅደም ተከተል አይደብቅም። ጀበና ስታዩ ሸክላ ሠሪዋ ከየት እንደጀመረች ወዲያው አይገባችሁም። የቲማቲም መደብ ስታዩ ግን ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደተቀመጠ ያለ ማንም አስረጂ ታውቃላችሁ፤ የታችኛው ሳይኖር የላይኛው ሊኖር አይችልምና። ዓይናችን ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ሠሪው የሠራውን እንደገና ይሠራዋል። ደስታው ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል፤ ማየታችን በራሱ እጅን መከተል ይሆናል።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቃል አላጣም። ክምር አለ፦ አውድማ ዳር እንዳለው የጤፍ ክምር፣ ከሩቅ የሚታየው ነዶው ሳይሆን የጠቅላላው ቅርፅ ነው። ድርድር አለ፦ እያንዳንዱ ለብቻው የሚታይበት፣ ጎን ለጎን ወይም ከላይ ወደ ታች የተሰለፈ። ቁልል አለ፤ ከፍታው የሚበልጥበት። ካብም አለ፦ ጭቃና ሲሚንቶ ሳይነካው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በልክ በልኩ የተቀመጠበት። ካብን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ቃሉ ከድንጋይ አልፎ ወደ ሰው ሄዷል። ሰውን ከፍ ከፍ ማድረግ መካብ ነው፣ ስሙን ማጥፋት ደግሞ መናድ። ቋንቋው ራሱ፣ የተካበ ነገር ሁሉ ሊናድ እንደሚችል ያውቃል። ፎቶ ላይ የተደራረበ ሲኒ ስናይ ትንፋሻችንን ያዝ የሚያደርገን ይኸው ዕውቀት ነው።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1871 እንግሊዛዊው ምሁር ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ ቀላል ሙከራ በራሱ ላይ አደረገ። ጥቁር ባቄላ እፍኝ እያደረገ ወደ ሳጥን ይወረውርና ሳይቆጥር፣ በአንድ እይታ ብቻ፣ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያ ቆጥሮ ያረጋግጣል። ይህን ከ1,000 ጊዜ በላይ ደጋገመው። ባቄላው 3 ወይም 4 ሲሆን አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። 5 ላይ መሳሳት ጀመረ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ስህተቱም ጨመረ። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ይህንኑ አጽንተውታል፦ ሰው እስከ አራት ያለውን ነገር አይቆጥርም፣ ያየዋል።

ጉሊቷ ላይ ያለውን መደብ አስቡት። አራት ቲማቲም። የቸኮለ ሰው ታክሲ ተራ ሊሰለፍ እየሮጠ በዓይኑ ጥግ ቢያይ እንኳ ስንት እንደሆነ ያውቃል። መደቡ ዋጋ ነው፣ ሚዛንም ነው፣ ከሻጭ ወደ ገዢ ያለ ቃል የሚተላለፍ ውልም ነው። እናቲቱ ስለ ጄቮንስ ሰምተው አያውቁም፤ የገዢን ዓይን ግን ዕድሜ ልካቸውን አጥንተውታል።

ከአራት ሲበዛስ? እዚህ ላይ ሌላ የዓይን ጠባይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመን አገር ማክስ ቬርትሃይመር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ዓይን የተበታተነ ነገርን በምን በምን ሰብስቦ እንደ አንድ እንደሚያይ ጽፎ ነበር። የሚቀራረቡትን አንድ ያደርጋል፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ያደርጋል፣ አንድ መስመር ተከትለው የሚሄዱትን አንድ ያደርጋል። ስምንት ሲኒ ስትደረድሩ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይሟላሉ። ይቀራረባሉ፣ ይመሳሰላሉ፣ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። ስለዚህ አንጎል ስምንት ነገር ማየት ትቶ አንድ ዓምድ ያያል፤ ነገር ግን ስምንቱም አልጠፉም፣ ፈልጎ ያገኛቸዋል። ከአንዱ ወደ ብዙ፣ ከብዙው ወደ አንድ መመላለስ ለዓይን እንደ እስክስታ ምት ነው፤ አይሰለችም። ከስምንቱ አንዷ ሲኒ ቀይ ጥለት ቢኖራት ወይም ጠርዟ ትንሽ ቢሸረፍ ደግሞ ዓይን ሮጦ እሷ ላይ ያርፋል። ልምድ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች ከተመሳሳዮች መሃል አንድ የተለየ ነገር የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

የቁልል ሌላው ጉልበት ክብደት ነው። ፎቶ ክብደት የለውም፣ ወረቀት ወይም መስታወት ነው፤ ቁልል ግን ክብደትን ያሳያል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና ወደ ለገሃር ስትወርዱ መጽሐፍ አዟሪዎቹን ታያላችሁ። ከሆዱ እስከ አገጩ የደረሰ የመጽሐፍ ቁልል በአንድ ክንዱ አቅፎ፣ ርዕሶቹ ሁሉ ወደ ገዢ ዞረው፣ በሰው መሃል የሚሽሎከለክ ልጅ። ወገቡን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ የሚሄደው በከንቱ አይደለም። የእሱና የመጽሐፎቹ ክብደት ተደምሮ የሚያርፍበት ነጥብ ከእግሩ ወለል መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ይወድቃል። የመቆም ሕግ ይኸው ነው፦ ከላይ ያለው ሁሉ የክብደቱ ማዕከል ከሥሩ ካለው መደገፊያ ላይ እስካለ ድረስ ቁልሉ ይቆማል።

ይህ ሕግ የሚፈቅደው ግን ከምናስበው በላይ ነው። ቤት ውስጥ ሞክሩት። 24 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት እኩል መጽሐፎች ውሰዱ። የላይኛውን ከሁለተኛው ላይ 12 ሴንቲ ሜትር አውጡት። ሁለተኛውን ከሦስተኛው ላይ 6፣ ሦስተኛውን ከአራተኛው ላይ 4፣ አራተኛውን ደግሞ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር አውጡት። ደምሩት፦ 25። መጽሐፉ 24 ነው። ስለዚህ የላይኛው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ከጠረጴዛው ውጭ፣ አየር ላይ ነው፤ ግን አይወድቅም። እነዚህ ቁጥሮች የመጨረሻው ጫፍ ስለሆኑ ከእያንዳንዱ 2 ሚሊ ሜትር መልሱ፤ ያኔም 24.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ አሁንም ውጭ ነው። የሒሳብ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ መጽሐፍ እየጨመሩ ቢሄዱ ርቀቱ ማለቂያ የለውም፣ ብቻ እየከበደ ይሄዳል። ሁለት መጽሐፍ ያህል ርቀት ለመውጣት 31 መጽሐፍ ያስፈልጋል፣ ሦስት ያህል ለመውጣት 227። ልጆች ያሉት ሰው ይህን አንድ ምሽት ቢያሳያቸው፣ ከብዙ ሰዓት የፊዚክስ ትምህርት ይበልጥባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቲማቲሟ ልመለስ፤ እሷ ጋ ገና ያልጨረስነው አለ። አራተኛዋ ስታርፍ የምትነካው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። ሦስት ነጥብ ደግሞ አያወላውልም። አራት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ ወለል ላይ ይንገጫገጫል፤ ሦስት ጉልቻ ግን የትም ሜዳ ላይ ብትጎልቱት ድስቱን ጸጥ አድርጎ ይይዛል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አቁመው ፎቶ የሚያነሱ ሰዎችም ተአምር ሳይሆን ይህንኑ ነው የሚፈልጉት፦ በጣታቸው እየዳሰሱ ሦስት ትናንሽ ጉብታ ያገኛሉ፣ የላይኛውን ድንጋይ በእነዚያ ላይ ያሳርፋሉ። የመደቡ ሦስት ቲማቲሞችም ጉልቻ ናቸው።

ይህ አደራደር ሌላ ጉድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1611 የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር፣ እኩል ክብ ነገሮችን ቦታ ሳያባክኑ ለመደርደር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም ብሎ ጻፈ፦ እያንዳንዱን ከሥሩ ባሉት መሃል ጎድጓዳ ላይ ማሳረፍ። በዚህ መንገድ 74 በመቶ ያህሉ ቦታ ይሞላል። ብርቱካን ሻጭ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በሒሳብ ማረጋገጥ ግን ወደ 400 ዓመት ፈጀ። አሜሪካዊው ቶማስ ሄልስ ማረጋገጫውን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ያውም ረጅም የኮምፒውተር ስሌት ስለነበረበት ገምጋሚዎቹ ሙሉ በሙሉ ማጣራት አቅቷቸው፣ ሥራው በኮምፒውተር መስመር በመስመር ተጣርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር።

ፎቶ ማንሳት ለሚወዱ አንዳንድ ነገር ልንገር፤ የተደራረበ ነገር በቀላሉ የሚበላሽ ፎቶ ነውና። ትልቁ ጥፋት ከላይ ሆኖ ስልኩን ወደ ታች አዘንብሎ ማንሳት ነው። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ቅርብ ያለውን ያገዝፋል፣ ራቅ ያለውን ያሳንሳል፤ ቁልሉ ወደ ታች ይጠብና ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ስልካችሁን በቁልሉ ወገብ ልክ ዝቅ አድርጉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ በሁለት እጥፍ አቅርባችሁ አንሱ። ያኔ መስመሮቹ ቀጥ ይላሉ።

ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ቁልልን ቁልል የሚያደርገው በአንዱና በሌላው መካከል ያለችው ቀጭን የጥላ መስመር ናት፤ ብርሃን ከካሜራው ጀርባ ፊት ለፊት ሲመታ መስመሯ ትጠፋለች፣ ስምንቱ ሲኒ አንድ ነጭ ቱቦ ይሆናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትርቅ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። የነሐሴውን ደመናው ይሸፍንብናል እንጂ። በሚያዝያ ቀትር የሲኒው ከንፈር ሁሉ ከሥሩ ያለውን ያጨልመዋል። እኔ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት አነሳለሁ። የሚያብረቀርቅ ዕቃ ሲሆን ደግሞ የክረምቱን ደመና እመርጣለሁ፤ ሰማዩ ሁሉ አንድ ትልቅ መጋረጃ ሆኖ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል።

ሌላው ጥያቄ የት ላይ መቁረጥ እንዳለብን ነው። መሬቱን ካሳያችሁ ክብደት ይታያል፤ ሁለቱንም ጫፍ ከቆረጣችሁት ማለቂያ የሌለው ይመስላል። ሮማኒያዊው ቀራጺ ኮንስታንቲን ብራንኩሲ እ.ኤ.አ. በ1938 ቱርጉ ዢዩ በተባለች ከተማ ያቆመው ወደ 29 ሜትር የሚጠጋ ዓምድ ይህን በብረት አድርጎታል። ተመሳሳይ ቅርፆች አንዱ በሌላው ላይ ተሰክተው ይወጣሉ፤ የላይኛው ላይ ሲደረስ ግን ሙሉ አይደለም፣ ግማሽ ነው። ዓይን ግማሹን ሲያይ ቀሪውን ሰማይ ላይ ይጨምርለታል።

አንድ ጊዜ የራሴ ቁልል ወድቆብኛል። ለአንድ ሱቅ ስምንት ሲኒ ስደረድር፣ ታጥበው በደንብ ያልደረቁ ነበሩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ አራተኛው ተንሸራተተ፣ አራቱ ተሰበሩ፤ ከፈልኩ። በእርጥብ ሸክላ መካከል ያለችው ቀጭን ውኃ መያያዣውን ሰበቃ ትቀንሰዋለች። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ሲኒ ቂጥ በደረቅ ጨርቅ ሳልጠርግ አልጀምርም። ሙጫ ወይም ፕላስቲን የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ አላደርግም። በኮምፒውተር እየቀጠሉ የሚሠሩትም አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጣቸው ሁለት ዕቃ የሚነካካበት ቦታ ላይ ያለችው ጠቆር ያለች መስመር መጥፋቷ ነው። እሷ ስትጠፋ ዕቃው አየር ላይ ይንሳፈፋል።

የእጅ ሥራ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠልቃል። የሰፌድ ወይም የመሶብ ስፌት ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጣት ከማይሞላ የሳር እስር ጀምሮ፣ በቀለም ሳር እየተጠቀለለ፣ ወስፌ ከሥሩ ያለውን ዙር እየበሳ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ያያይዘዋል። መሶብ ማለት እንግዲህ ዙር በዙር ላይ የተደረበ ቁልል ነው። የሰፊዋ እጅ የጠበቀበትና የላላበት፣ አንዱ ቀለም አልቆ ሌላ የተቀጠለበት ቦታ ይታያል። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቼ የድሮ ስፌት ፊት ስቆም የምቆጥረው ዙሩን ነው፤ ስንት ከሰዓት በኋላ እንደፈጀ ከዚያ ይገመታልና።

አክሱም ላይ ያለው ማስረጃ ግን ሁሉንም ይበልጣል። የአክሱም ነገሥታት ዘመን ግንብ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ ይደረደር ነበር፤ የእንጨቶቹ ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይታያል፣ የዝንጀሮ ራስ ይሉታል። ላስታ ውስጥ ዋሻ ሥር ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያንን የእንጨትና የነጭ ልስን ንብብር እስከ ዛሬ ያሳያል። ሐውልቶቹን ስናይ ደግሞ ትልልቆቹ ከታች በር፣ ከበሩ በላይ ደርብ በደርብ መስኮት፣ በየደርቡ መካከል የእንጨት ጫፍ አላቸው። ከሮም በ1997 ዓ.ም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም የተተከለው 24 ሜትር ነው፤ ወድቆ የተሰባበረው ግዙፉ 33 ሜትር ገደማ ሲሆን 13 ደርብ ተቀርፆበታል። ግን ሁሉም አንድ ወጥ ድንጋይ ናቸው! አንድም ነገር በላያቸው አልተደረበም። አንድ ወጥ ድንጋይ ያን ያህል ከፍታ ማቆሙ ብቻ በቂ ድንቅ ነበር፤ እነሱ ግን የተደራረበ እንዲመስል ጠረቡት። ከአንድ ድንጋይ ቁልል የፈለፈለ ሰው፣ ቁልል ለዓይን ምን እንደሚያደርግ በሚገባ ያወቀ ሰው ነው።

ለዛሬው አዲስ አበቤ ይህ ሁሉ ሩቅ ከመሰለ ጭማቂ ቤት ግቡና ስፕሪስ እዘዙ። ከታች አረንጓዴው አቮካዶ፣ በላዩ ብርቱካናማው ማንጎ፣ ከዚያ ፓፓያ። የማይቀላቀሉት ወፍራም ስለሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለ የተፈጨ ፍሬ ካልተገፋ በራሱ አይፈስም፣ እንደ ለስላሳ ጡብ የላይኛውን ይሸከማል። ጭማቂ ሠሪው ከፍ አድርጎ ቢደፋው ግን ኃይሉ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጎ ያንሸራትተዋል። ፊት ለፊቴ የሚቀመጡ ወጣቶች ማንኪያ ከመንከራቸው በፊት ስልክ ሲያወጡ አያለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ከጠጡት በኋላ ማን ቀድሞ እንደገባ የሚነግር ነገር አይኖርም።

ባለፈው ሳምንት ጉሊቷ ጋ ፎቶዬን ጨርሼ ተንበረከክሁ።

«ሁለት መደብ ይስጡኝ፣ እማማ።»

«እሺ የኔ ልጅ። ስታነሳ ቆይተህ ባዶ እጅህን ትሄዳለህ ብዬ ነበር።»

የመጀመሪያውን መደብ በሁለት እጃቸው ሰብስበው ፌስታሌ ውስጥ ጨመሩት፣ ሁለተኛውንም።

«ምርቃትስ?» አልኳቸው።

ከጎናቸው ካለው ከረጢት አንዲት ትንሽ ቲማቲም አውጥተው በላዩ ጣል አደረጉልኝ። ገንዘቡን ከመቀነታቸው ሥር እየከተቱ፣ ባዶ ወደሆነው ማዳበሪያ ዞረው ሦስት ቲማቲም ያጠጋጉ ጀመር።